ዋልያውም ገበሬውም የእኛ ናቸው
(በምክር ቤት ካቀረብኩት ጥያቄ)

ክቡር አፈ ጉባዔ! ጥያቄዬ አጭር ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 ቀዬአቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። እሰየው! ታዲያ ገብስ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ከተማ ገብቶ በምን ይተዳደራል? ውሃውስ? የልጆቹ ትምህርትስ?

በ2019 ፓርኩ ሲነድ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ እሳት አጥፊ ከእስራኤል መጣልን። ነገ ቢቃጠልስ ማንን ልንጠራ ነው? ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለውን ዋልያ የሚጠብቀው ያልተከፋ ጎረቤት ነው። «እየተጠና ነው» የሚለው መልስ ሰልችቶናል። ሚኒስትሩ ቀኑንና በጀቱን ቁርጡን ይንገሩን!