አንድ ጊዜ መቻል አይበቃም

(በአዲስ ከተማ፣ መርካቶ፣ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ማታ ስንማር አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ያን ጊዜ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ይህን የሚነዳው ሰው አንዴ ከተማረ ወዲያ ማን ይጠይቀዋል?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዛሬ ልመልሰው።

ብዙዎቻችሁ ከገጠር ስትመጡ የወረዳችሁት አውቶቡስ ተራ ነው። ያመጣችሁ ሾፌር መንጃ ፈቃድ አለው። አውሮፕላን አብራሪም ፈቃድ አለው። ነገር ግን ፈቃዱ ብቻውን አያስበርረውም።

የአየር ጉዞ ደንብ የብዙ አገሮች ስምምነት ነው። ስምምነቱ በ1937 ዓ.ም. ቺካጎ በተባለች የአሜሪካ ከተማ ተፈረመ። አገራችንም በ1939 ዓ.ም. ገባችበት። በዚህ መሠረት ወደ ውጭ አገር የሚበር አውሮፕላን ወረቀቶቹን ይዞ ይሄዳል። የአብራሪዎቹ ፈቃድ፣ አውሮፕላኑ ደኅና ለመሆኑ የተሰጠው ምስክር ወረቀት፣ የጉዞው መዝገብ፣ ሁሉም አብረው ይጓዛሉ።

አብራሪው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ይመረመራል። ዕድሜው ከ60 ካለፈ በየ6 ወሩ ነው።

ሌላም ደንብ አለ። ዋናው አብራሪ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ፣ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ቢያንስ 3 ጊዜ ተነሥቶ 3 ጊዜ ማረፍ አለበት። ይህን ካላሟላ፣ 20 ዓመት ያበረረ ቢሆንም፣ መንገደኛ ከመጫኑ በፊት ይለማመዳል። ለዚህም መሬት ላይ የቆመ፣ እንደ አውሮፕላን የተሠራ መለማመጃ አለ።

ለምን? እጅ ስለሚረሳ ነው። ብዙ ወር ሳይጠመድ የቆየ በሬ በመጀመሪያው ቀን ትልም ያጣምማል። የተጣመመ ትልም በማግሥቱ ይቃናል። የሰማይ ስሕተት ግን ማግሥት የለውም።

ደንቡ ታዲያ ለአብራሪ ብቻ ነው? አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አጠገብ በገበሬዎች ማሳ ላይ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። የአብራሪዎቹ ፈቃድ የተሟላ ነበር። ነገር ግን በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለ አንድ መሣሪያ የተሳሳተ ምልክት ተቀብሎ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። አውሮፕላኑን የሠራው ቦይንግ የተባለው ኩባንያ፣ ሠራተኞቹ ስለዚህ መሣሪያ የአሜሪካን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዳታለሉ በ2013 ዓ.ም. አምኗል። እንግዲህ እውነት የሌለበት ወረቀት ሰው ይገድላል። ደንብ ትንሹን ብቻ ሳይሆን ትልቁንም መያዝ አለበት።

ወገኖቼ፣ እናንተም ማንበብና መጻፍ ችላችሁ ምስክር ወረቀት ይዛችኋል። ወረቀቱ ትናንት መቻላችሁን ይናገራል። ዛሬ መቻላችሁን የሚናገረው ግን ዓይናችሁና እጃችሁ ነው። ፊደልም ካልተሠራበት ይጠፋል። ስለዚህ እንደ አብራሪው 90 ቀን ቁጠሩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 3 ደብዳቤ ለዘመድ ጻፉ። ገበያ ስትወጡ የቦርዱን ጽሑፍ፣ የደረሰኙን ቁጥር አንብቡ። ሳታነቡ ደግሞ በምንም ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

አባቴ፣ ጥያቄዎን መለስኩ መሰለኝ። አብራሪውን በየጊዜው የሚጠይቀው አለ። እኛን ግን ራሳችን ካልጠየቅን ማንም አይጠይቀንም።