ከቢትልስ ምን ቀረ?



ስለ ቢትልስ እናገራለሁ ባልሁ ጊዜ «ስለ ጠጉራቸው ርዝመትና ስለ ልጃገረዶች ጩኸት ደግሞ ምን ይወራል?» ያላችሁኝ አላችሁ። ጩኸቱ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የእኔ ጥያቄ ከጩኸቱ በኋላ ምን ቀረ የሚል ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንደኛው ውርስ ትጋት ነው። ጆን ሌነን፣ ፖል ማካርትኒና ጆርጅ ሃሪሰን ከሊቨርፑል ተነሥተው በ1960 ወደ ሀምቡርግ ሄዱ፤ በዚያም በመጠጥ ቤቶች በየሌሊቱ ለብዙ ሰዓት ይጫወቱ ነበር። ሪንጎ ስታር በ1962 ተጨመረ። ሌነንና ማካርትኒ ኖታ ማንበብ አያውቁም ነበር፤ ይሁን እንጂ ከሚያውቀው ከጆርጅ ማርቲን ጋራ ሠርተው ከእርሱ መማርን አላፈሩበትም። በ1966 በየአገሩ መዞርን ትተው ስቱዲዮ ገቡ። በ1967 ያወጡት «ሳርጀንት ፔፐር» የተባለው ሸክላ ባለ አራት መስመር በሆነ የቴፕ መሣሪያ የተቀዳ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሙዚቃቸው ሥሩ ከጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ነው። ከቸክ ቤሪና ከሊትል ሪቻርድ ሸክላዎች ተምረዋል፤ ይህንንም አልደበቁም። ነገር ግን መምህራኑ ስለ ቆዳቸው ቀለም በብዙ በር ሲከለከሉ፣ ደቀ መዛሙርቱ በእልልታ ገቡ። ይህን ሳይናገሩ ቢትልስን ማመስገን ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ይህ ነው፦ በ1964 በፍሎሪዳ፣ በጃክሰንቪል ከተማ፣ ተመልካቹ በቀለም ተለይቶ የሚቀመጥ ከሆነ አንጫወትም አሉ፤ ሕዝቡም ሳይለያይ ተቀመጠ። በ1965ም ይህንኑ በውላቸው አስጻፉ። ቃል በነፋስ ይወሰዳል፤ የተጻፈ ውል ግን ያስራል።

ማኅበራቸው በ1970 ፈረሰ። በ1971 ሃሪሰን ከሕንዳዊው የሲታር ሊቅ ከራቪ ሻንካር ጋራ ለባንግላዴሽ ስደተኞች በኒው ዮርክ ኮንሰርት አደረገ፤ ይህም ኋላ ለመጡት የእርዳታ ኮንሰርቶች አርአያ ሆነ። በ1985 ለአገራችን ረኃብተኞች በለንደን በተደረገው በ«ላይቭ ኤይድ» ማካርትኒ ዘፍኗል።

ወገኖቻችንን ላበላ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። እኔ ግን ምረጥ ብትሉኝ የጃክሰንቪሉን አቋም አስበልጣለሁ። ምጽዋት ሰጪውን ከላይ፣ ተቀባዩን ከታች ያቆማል፤ ያ አቋም ግን ሁሉንም በአንድ ወንበር ረድፍ አስቀምጧል። ከሙዚቀኛም፣ ከተማሪም የሚጠበቀው በእጁ ባለው ሥልጣን ይህን ማድረግ ነው።

የሚቃወመኝ ካለ መድረኩ የእርሱ ነው።