ከምረቃ በኋላ ያለው ጉባኤ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተመረቃችሁ ልጆቼ፥

በልጅነቴ ጎጃም ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። በዚያ ሥርዓት፥ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ፥ ዱር ገብቶ ቅኔ ሲቈጥር የሚውል ተማሪ፥ ያፈራውን በአስነጋሪው ወይም በየኔታ ዘንድ ነግሮ ካልታረመ በቀር፥ ድካሙ ሁሉ እንደ ሥራ አይታሰብለትም። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ እስከ መወድስ ስምንት ቤት የሚደርሰው እንዲህ ነው። ተመርቆ ባለሙያ ከተባለም በኋላ፥ የዋሸራን ስልት ያወቀው የጎንጅን፥ የጎንጅን ያወቀው የዋድላን ሊሰማ ስንቁን ቋጥሮ ይነሣል።

የኔታ በእርጅናቸው ዘመን እንኳ፥ ለእሑድ ያሰናዱትን መወድስ አስቀድመው ለእኛ ያሰሙን ነበር። አንድ ቀን የነገሩን ቅኔ ሰሙ ገበሬ ነው፤ ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ጧት፥ በአውድማው ቆሞ ምርቱን በመንሽ ያዘራል። የቃሉ ጣዕምና የምሥጢሩ ጥልቀት አስደንቆን ሳለ፥ ገና ጉባኤ ቃና የጀመረ የገበሬ ልጅ ከበሩ አጠገብ ተነሥቶ፥ «የኔታ፥ ነፋስ ከሌለ ፍሬው ከገለባው እንዴት ይለያል?» አላቸው። አስነጋሪው ሊቈጣው ሲል የኔታ በእጃቸው ከለከሉት፤ ጥቂት ዝም ብለውም፥ «ሁላችሁ አመሰገናችሁኝ፤ የሰማኝ ግን ይህ ልጅ ነው» አሉ። ከዚያም ብላቴናውን አጠገባቸው አስቀምጠው፥ ነፋሱ መቼ እንደሚነሣ፥ ገበሬው ፊቱን ወዴት መልሶ እንደሚቆም፥ ገለባው የት እንደሚወድቅ እያንዳንዱን ጠየቁት፤ ሌሊቱን ቅኔውን አፍርሰው እንደ ገና ተቀኙ፤ እሑድም በማኅሌት የተሰማው ነፋስ የገባበት ቅኔ ነበር።

ልጆቼ፥ በሰው ጆሮ ያላለፈ ጽሑፍ ገና አልተጻፈም ብዬ አምናለሁ፤ በዚህም ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ለንደን ድረስ ሄዶ ከተማረ በኋላ፥ የአባቱን የአለቃ ለማን ትዝታ እንደ ደቀ መዝሙር ተቀምጦ አዳመጠ፤ በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ አድርጎ ያሳተመውም ያንኑ የሰማውን ነው። በ1950ዎቹም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ግጥማቸውን በአደባባይ ሲያነቡ፥ የሕዝቡ ዝምታና ጭብጨባ ሁለተኛ መምህር ሆኖላቸዋል።

ዛሬ ግን የማዝንበት ነገር አለ። በግጥም ምሽት ላይ የራሱን አንብቦ፥ የሚቀጥለው ሰው ሳይጀምር ኮቱን አንሥቶ የሚወጣ ወጣት አያለሁ። ይህ ነውር ነው! የወንድሙን ድካም ለመስማት ያልታገሠ፥ የራሱን ጉድለት ማን ይነግረዋል? ምስጋና ብቻ የሚያቀርቡላችሁን ወዳጆች ውደዷቸው፤ ረቂቃችሁን ግን ለሚጠይቃችሁ ስጡ። የሚጠይቃችሁም ሁልጊዜ የተማረ ሰው አይሆንም፤ ስለ ገበያ ስትጽፉ ለነጋዴዋ፥ ስለ ሸማ ስትጽፉ ለሸማኔው አንብቡ።

የማኅበር ደጅ ፈልጉ፤ ከሌለም ራሳችሁ መሥርቱ። አዳራሽና በጀት አትጠብቁ፤ የአንዳችሁ ቤት ይበቃል። እንግዲህ ወላጆቻችሁን ስማችሁ፥ ፎቶግራፉን ተነሥታችሁ ከዚህ ግቢ ሳትወጡ፥ ሦስት አራት ሆናችሁ የምትገናኙበትን ቀን ቍረጡ፤ በመጀመሪያው ቀንም ማን ምን ጽፎ እንደሚያመጣ ተነጋገሩ። እግዚአብሔር ብዕራችሁን ይባርክ፤ ደስ ይበላችሁ!