የናቡቴ ርስትና የጫሞ ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ንጉሡ አክዓብ የወይን ቦታውን ተመኘ፤ ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አሳልፎ ለመስጠት አልፈቀደም፤ ኤልዛቤልም በሐሰት ምስክር አስገደለችው። በዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋቸው ሰዎች አሉ፤ እነርሱም የንግሥቲቱ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ንጹሑን ሰው ለሞት የሰጡት የከተማው ሽማግሎች ናቸው።

እንዲህ ያለው ነገር በዘመናችንም ታይቷል። በናይጄሪያ፥ የኒጀር ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አገር፥ ኦጎኒ የሚባል በቍጥር አነስተኛ የሆነ ሕዝብ ይኖራል። ከ1950 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከምድሩ ነዳጅ ዘይት ሲቀዳ፥ እርሻውና ዓሣ የሚያጠምድበት ውኃ በፈሰሰው ዘይት ተበላሸ። ደራሲው ኬን ሳሮ ዊዋ ስለ እነዚህ ወገኖቹ ያለ ጦር መሣሪያ ተከራከረ፤ ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. 300,000 ያህል የሚገመት ሕዝብ በሰላም ተሰለፈ። በኋላ ግን በአራት የኦጎኒ ሹማምንት ግድያ ተከሶ፥ የወታደሩ መንግሥት ባቆመው ልዩ ችሎት ተፈረደበት፤ ከመሰከሩትም ሁለቱ ቃላቸው በገንዘብ የተገዛ እንደ ነበረ በመሐላ ገለጡ። ይህም ሆኖ ጥቅምት 30 ቀን 1988 ዓ.ም. ከ8 ባልንጀሮቹ ጋራ በስቅላት ሞተ።

በ2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው ጥናት፥ በአንድ የኦጎኒ መንደር ከሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ከተወሰነው መጠን ከ900 ጊዜ በላይ በልጦ ተገኘ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለዘጠኙ ምሕረት አወጁ፤ ምሕረቱ ግን ሙታንን ከመቃብር አላስነሣም።

ምእመናን ሆይ! በእኛ በጫሞ ዳር የነዳጅ ጉድጓድ የለም። ነገር ግን ዓሣው ገና ሳያድግ በጠባብ መረብ ሲጠመድ፥ ከተራቈተው ተራራ የታጠበው አፈርም በቁልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፥ አስቀድሞ የሚራበው በውኃው ዳር ያለው ድኻ ነው። ይህን አይቶ የሚናገር ሰው ሲነሣ፥ እኛ ከየትኞቹ ሽማግሎች ጋራ እንቆማለን?

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ወጣቶች ተቈጥተው በአርባ ምንጭ በሚኖሩ የሌላ ወገን ሰዎች ላይ ሊነሡ ሲሉ፥ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩና መለሷቸው። የናቡቴ ከተማ ሽማግሎች ደብዳቤ ፈርተው ወንድማቸውን ገደሉ፤ የጋሞ ሽማግሎች ግን የገዛ ልጆቻቸውን ቍጣ ሳይፈሩ ጎረቤታቸውን አዳኑ።

ስለዚህ ያንን ሣር ለሐይቁና በሐይቁ ለሚኖረው ድኻም እንያዝ። ስለ ውኃና ስለ ምድር የሚጮኸውን ሰው ስም አናጥፋ፤ በማናውቀው አንመስክር፤ አስቀድመን የራሳችንን መረብ እንመርምር። እግዚአብሔር የእውነት ምስክሮች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።