ፊደል ያልቆጠረች እናትም መጽሐፍ ታሳያለች

(ገለምሶ፣ በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያቀረበችው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ፣ ለብርጭቆና ለትሪ መግዣ ካጠራቀምነው ገንዘብ ጥቂቱ ለልጆቻችን የሥዕል መጻሕፍት ይዋል ብዬ ነበር። ሦስት ጥያቄዎች ተነሥተዋል። ዛሬ የመጣሁት ለእነሱ መልስ ይዤ ነው።

የመጀመሪያው «ልጆቹ ገና ፊደል አልለዩም፤ መጽሐፍ ምን ይሠራላቸዋል?» የሚል ነው። በአፀደ ሕፃናት ስለማስተምር በየቀኑ የማየውን ልንገራችሁ። በአንድ ገጽ ላይ እናት ቡና ትቆላለች፤ ትንሹ ልጅ የሞቀውን ጀበና ሊነካ እጁን ዘርግቷል። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ሲያይ «ሊቃጠል ነው!» ብሎ ይጮኻል። ቀጥሎ የሚመጣውን ገመተ ማለት ነው። ገጹን የሚገልጠውም ግምቱ ልክ መሆኑን ለማየት ነው። አንባቢም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ታሪኩ ሱቅ ስለተላከች ልጅ ወይም የጠፋች ፍየል ፍለጋ ስለወጡ እህትና ወንድም ከሆነ ደግሞ የገዛ ቤቱን ስለሚያይበት ወሬው አያልቅበትም።

ሁለተኛው «እኔ ራሴ ማንበብ አልችልም» የሚል ነው። ይህን ያሉት እናቶች ተረት ከሁላችንም ይበልጥ ያውቃሉ። ሥዕሉን እያሳያችሁ በራሳችሁ አፍ ተርኩለት። «ይቺ ማን ናት? ወዴት እየሄደች ነው? ለምን አለቀሰች?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እሱም ይመልስ። ሆጃው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል። በቤታችሁ ኦሮምኛ ከሆነ የሚነገረው በኦሮምኛ፣ አማርኛ ከሆነም በአማርኛ። ሥዕል ቋንቋ አይመርጥም፤ አንዱ መጽሐፍ የሁሉንም ጎረቤት ልጅ ያገለግላል።

ሦስተኛው «ይህ የሀብታም ነገር ነው፤ ከየትስ ይገኛል?» የሚል ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በነገሌ ቦረና ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ሌላ ያነበቡት 19 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። ተሰደው አሜሪካ ገቡና በሳንፍራንሲስኮ ከተማ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ። በዚያ የብዙ አገር ቋንቋ መጽሐፍ ሲኖር የአማርኛ ግን አጡ። ስለዚህ ማሞ ስለሚባለው ልጅ የሚነገረውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከነሥዕሉ አሳተሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በራሳቸው መኖሪያ ቤት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ኋላም በሐዋሳ አህያ የሚጎትተው የመጻሕፍት ጋሪ ተጀመረ። አህያና ጋሪ በገለምሶ መቼ ጠፋ?

ዛሬ ደግሞ ቀሏል። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» በሚባለው የኢንተርኔት ገጽ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም የሕፃናት ታሪኮች ከነሥዕላቸው አሉ፤ አትሞ መጠቀም በነጻ የተፈቀደ ነው። የሚያስወጣን የወረቀትና የማተሚያ ነው። ከዚያ ሌላ የራሳችንን መሥራት እንችላለን፤ አንዷ ትተርካለች፣ ትልልቆቹ ልጆች ይሥላሉ፣ ወረቀቱን አጥፈን በክር እንሰፋዋለን። የገበያ ቀን፣ የእንጀራ ጋገራ፣ የታናሽ እህት መወለድ፣ ሁሉም ታሪክ ነው።

ሐሳቤ ይህ ነው። ለጊዜው አሥር መጻሕፍት ይኑሩን። በአንድ ዘንቢል ተደርገው እንደ ዕቁብ በተራ ከቤት ቤት ይዙሩ፤ አንድ ሳምንት እያንዳንዷ ጋ። ገጽ ቢቀደድ የሚጣበቅ ነው፤ ማንንም አንወቅስም። ዘንቢሉን የምትቆጣጠር አንዲት እናት እንምረጥ።

ብርጭቆው ይቅር አላልኩም፤ ለሐዘንም ለሠርግም ያስፈልገናል። ስድስት ደርዘን ያልነውን አምስት እናድርገውና የአንዱ ደርዘን ዋጋ ለልጆቹ ይሁን። ብርጭቆውን በሚቀጥለው ዓመት እንሞላዋለን። የአራት ዓመቱ ልጅ ግን በሚቀጥለው ዓመት አምስት ይሆነዋል።

አሁን እጅ እናውጣ።