የተራራው ሰማይና የሜዳው አውድማ
በዋጃና በራያ ቆላ የበጋ ዝናብና ነፋስ ትንበያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ኢትዮጵያ የአየር ጠባይ በሚደረጉ ጉባኤዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው የክረምት ዝናብ ነው። የሀገሪቱ እርሻ በብዛት የሚመካው በእርሱ ስለሆነ ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት አራት ወራት፣ ሰማይ ጠርቶ ሥጋቱ ሁሉ ያለፈ በሚመስልበት ጊዜ፣ የዓመቱ ድካም በሁለትና በሦስት ቀን ሊበላሽባቸው የሚችል አካባቢዎች አሉ። ከእነዚህም አንዱ የራያ ሜዳ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ በዚህ ሜዳ ላይ የበጋውን ዝናብና ነፋስ አስቀድሞ መናገር ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ፣ ምን ያህልስ እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚያመራው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የሜዳ ከተማ ናት። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,400 እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በስተምዕራብ የላስታና የኮረም ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በስተምሥራቅ ደግሞ የዞብል ተራሮች ሜዳውን ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ይለዩታል። ከአላማጣ ተነሥቶ በግራ ካህሱ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮረም የሚወጣ መንገደኛ፣ በአየር መስመር ቢለካ ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ርቀት ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ይጓዛል። ታች ላብ ሲጠርግ የነበረው ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢውን ይደርባል። ለትንበያ ባለሙያው ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ነው።

እንደሚታወቀው የአየር ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል ደመና በሸፈነው አንድ የታኅሣሥ ማለዳ ዋጃ ላይ 15 ዲግሪ ቢመዘገብ፣ በዚሁ ስሌት ኮረም ላይ 8 ዲግሪ ግድም፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በላስታው አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ላይ ደግሞ ከዜሮ በታች ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ ደመና የሚወርደው ነገር በሜዳው ካፊያ፣ በገደሉ ወገብ ጭጋግና ቀዝቃዛ ዝናብ፣ በራሱ ላይ በረዶ ሊሆን ይችላል። ለአካባቢው ሁሉ በጥቅሉ «ዝናብ ይኖራል» ብሎ መተንበይ ለሦስቱም ከፍታዎች ምንም አለመናገር ነው።

ነፋሱም እንደዚሁ ነው። በጠራ ቀን ፀሐይ የገደሉን ፊት ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይሳባል፤ ከሜዳው ወደ ደጋው የሚነፍሰው የቀን ነፋስ ከዚህ የተነሣ ነው። ሌሊት ደግሞ የደጋው አየር ቀዝቅዞ ሲከብድ በየሸለቆው ቁልቁል ይወርዳል። በበጋ ወራት በዚህ የቀንና የሌሊት ልውውጥ ላይ ከዐረብ ምድር በኩል የሚመጣው ደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይታከልበታል። ይህ ነፋስ የዞብልን ሰንሰለት ሲያገኝ በከፊል ይታገዳል፤ በከፊል ደግሞ ወንዞች ወደ አፋር በሚወርዱባቸው ክፍተቶች ሾልኮ ሲገባ ይበረታል። ስለሆነም በአንድ ሰዓት ውስጥ አንደኛው ቀበሌ ጸጥ ብሎ ሲውል ሌላው አቧራ ለብሶ ሊታይ ይችላል።

የበጋው አየር ጠባይ በተለምዶ ደረቅ ነው። የሚለወጠውም ብዙውን ጊዜ በሚከተለው ሁኔታ ነው። ከሜዲትራኒያን ባሕር በላይ በከፍታው አየር ውስጥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጓዘው ታላቅ የነፋስ ጅረት አንዳንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ታጥፎ እስከ ቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ደረቁ ነፋስ ይዳከምና ከዐረቢያና ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ያዘለ አየር በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይሳባል። እርጥቡ አየር በምሥራቅ ፊቱን ከሰጠው ገደል ጋር ሲጋጭ ሽቅብ ይገፋል፤ ይቀዘቅዛል፤ ይዘንባል። እጥፋቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሰማዩ ድንገት ይጠራና ደረቁ ነፋስ በርትቶ ይመለሳል። ነፋሱ በሚረግብባቸው ሌሊቶችም እንደ ዋድላና ደላንታ ባሉ አምባዎች ላይ ውርጭ ይጥላል። ዝናብ፣ በረዶ፣ ብርቱ ነፋስና ውርጭ ተከታትለው ሲመጡ ሰው አራት የተለያዩ መቅሠፍቶች አድርጎ ያያቸዋል፤ ለባለሙያው ግን የአንድ ክስተት አራት ገጾች ናቸው። ለትንበያ ተስፋ የሚሰጠውም ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ከታየ ተከታዮቹን መጠበቅ ይቻላልና።

ይህ ሁሉ ለዋጃና ለቆቦ ገበሬ የሚኖረው ትርጉም በማሽላው ይታወቃል። የረዥም ጊዜ ማሽላ በበልግ ዝናብ፣ በሚያዝያ ገደማ ተዘርቶ፣ የሰኔን ደረቅ ወቅት ታግሦ፣ በክረምት አድጎ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ሰባት ወይም ስምንት ወር የተደከመበት እህል በመጨረሻ ተቆርጦ ሜዳ ላይ የሚተኛው በዚሁ ያልተጠበቀ ዝናብ በሚመጣበት ወቅት ነው። የተቆለለ ማሽላ ከራሰ ይሻግታል ወይም ያበቅላል፤ ጤፍም ነዶው ውስጥ ይበላሻል። በአንጻሩ ደግሞ ነፋስ ለአውድማ ጠላት ብቻ አይደለም። እህል የሚመረተው በነፋስ ነው። ነፋስ ያጣ አውድማ ሥራ ይፈታል፤ ነፋስ የበዛበትም ፍሬውን ከገለባው ጋር ይበትናል። ስለዚህ ገበሬው የሚጠይቀው የነፋሱን አቅጣጫና ኃይል ብቻ ሳይሆን የሚነሣበትንና የሚበርድበትን ሰዓት ጭምር ነው።

ነፋስ ሌላም እንግዳ ይዞ ይመጣል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ፣ በጥቅምት ወር፣ የበረሃ አንበጣ መንጋ ወደ ራያ ቆቦና ወደ አላማጣ አካባቢ ገብቶ ለአጨዳ የተቃረበውን ማሽላ አጥቅቷል። የአንበጣ መንጋ በአብዛኛው ነፋሱን ተከትሎ ስለሚበር፣ የነፋስ ትንበያ የአንበጣ ትንበያም መሆኑ በዚያ ዓመት በግልጽ ታይቷል።

በሌላ በኩል ሜዳው ላይ የሚደርሰው አደጋ ሁልጊዜ ከሜዳው ሰማይ አይመጣም። ራያ ውስጥ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ እርሻውን ያጠጣል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ነው፤ ውኃው የሚደርሰው ታች ነው። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ዋጃና ቆቦ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ ደፍርሰው ሊመጡ ይችላሉ። ከብት ለሚሻገር እረኛ የሚጠቅመው ማስጠንቀቂያ በራሱ ላይ ስላለው ሰማይ የሚነገረው ሳይሆን ከበስተጀርባው ስላለው ተራራ የሚነገረው ነው።

ወደ ተቋሞቹ ስንመለስ፣ በኢትዮጵያ የአየር ጠባይ አገልግሎት በዘመናዊ መልክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር። ዋና ዓላማውም የአውሮፕላን በረራን ማገልገል ነበር። በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 201 የብሔራዊ ሜትሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት ሲቋቋም ግን ግብርናውና ድርቁ ከአውሮፕላኑ ጎን ቆሙ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረሰው የወሎ ረኃብ ከሰው አእምሮ አልጠፋም ነበር። ብዙ ሳይቆይም የ1976 ዓ.ም. በልግ ቀረ፤ ክረምቱም ከዳ፤ ከዋጃ በላይ ባለችው በኮረም የተሰበሰበው የተራበ ሕዝብ ሥቃይ በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ለዓለም ታየ። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ድርጅቱ የየወቅቱን የዝናብ ትንበያ ማውጣት ጀመረ።

ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ያበረከቱት ቀላል አይደለም። ዱላ ሻንቆና ፒየር ካምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ተከታታይ ዐውሎ ነፋሶች በሚነሡባቸው ዓመታት የኢትዮጵያ በልግ የመድረቅ ዝንባሌ እንዳለው አሳይተዋል። ዲሪባ ቆሪቻና አስገይር ሶርቴበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆኑትን የወቅት ትንበያዎች ከተመዘገበው ዝናብ ጋር አመሳክረው፣ ትንበያዎቹ መጠነኛ ብልጫ ቢኖራቸውም ወደ «መደበኛው አካባቢ» የማዘንበል ጠባይ እንዳላቸው አመልክተዋል። ይህ ግኝት ሊጤን ይገባዋል። «መደበኛ» ማለት ለሚናገረው ሰው ከወቀሳ ያድናል፤ ለሚሰማው ሰው ግን በክፉ ዓመት ከዝምታ አይሻልም። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ሲስተጓጎል፣ ክረምቱም በኤልኒኞ ምክንያት ሲዛባ ሰሜን ወሎ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር በሀገር አቀፍ ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

ዛሬ ባለሙያው ከሳተላይት ሥዕልና ከኮምፒዩተር ስሌት ብዙ እርዳታ ያገኛል። ከሜዲትራኒያን የሚወርደውን እጥፋት ከቀናት አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ነገር ግን ዓለምን በሙሉ የሚያሰሉት ታላላቅ ሞዴሎች ምድርን የሚያዩት በአራት ማዕዘን እየከፋፈሉ ነው፤ ከተራቀቁት መካከል የሆነው የአውሮፓው ማዕከል ሞዴል ለዓመታት የሠራው በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍልፋይ ነው። የግራ ካህሱ ገደል በሙሉ በአንድ ወይም በሁለት ክፍልፋይ ውስጥ ተውጦ ይቀራል ማለት ነው። መሣሪያው ገደሉን እንደ ለስላሳ ዳገት ስለሚያየው፣ የሚተነብየው ዝናብ በሜዳውና በደጋው መካከል ተማክሎ የሁለቱንም እውነት ያጣል። ይህን ጉድለት የሚሞላው ቦታውን የሚያውቅ ሰውና በቦታው የተለካ ቁጥር ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል።

አንደኛ፣ ልኬቱ ጥንድ መሆን አለበት። ከገደሉ በላይና ከገደሉ በታች፣ ለምሳሌ ኮረምና ዋጃ ላይ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት በ3 ሰዓትና ከቀኑ በ9 ሰዓት፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ነፋስና የዝናብ መጠን ተለክቶ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሁለቱ ልዩነት ራሱ የትንበያ መሣሪያ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ትንበያው በከፍታ ተከፍሎ ይነገር። ለሜዳው፣ ለገደሉ ወገብና ለደጋው የተለየ ቃል ይኑረው። ሕዝቡ ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ ከጥንት ስለከፈለ፣ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ጥርጣሬው በቁጥር ይገለጽ። «ዝናብ ሊጥል ይችላል» የሚለው አነጋገር መቼም ሐሰት ሆኖ አይገኝም፤ ስለዚህም መቼም አይጠቅም። አንድ ገበሬ ነዶውን ለመሸፈን የአንድ ቀን ጉልበት ቢያስፈልገው፣ ሳይሸፍን ዝናብ ቢመጣበት ግን የአምስት ቀን ጉልበት የሚያህል እህል የሚያጣ ቢሆን፣ የዝናቡ ዕድል ከአምስት አንድ ከበለጠ መሸፈኑ ያዋጣዋል። ሒሳቡን ገበሬው ከማንም በላይ ያውቀዋል። የጎደለው ከባለሙያው መምጣት ያለበት ቁጥር ነው። ቁጥር የሰጠ ባለሙያ ደግሞ ከወቅቱ በኋላ መዝገቡን ከፍቶ ስንቱን እንዳገኘ፣ ስንቱን እንደሳተ፣ ስንት ጊዜም በከንቱ እንዳስጠነቀቀ ሊቆጥር ይገባዋል። በከንቱ የተሸፈነ ነዶ አንድ ቀን ያስከፍላል፤ በተደጋጋሚ በከንቱ የተሸፈነ ነዶ ግን እምነትን ያስከፍላል፤ እምነት ከጠፋ በኋላ ትክክለኛው ማስጠንቀቂያም ሰሚ አያገኝም።

ክቡራትና ክቡራን፤ ተራራን ማስወገድ፣ ነፋስን መግታት አይቻልም። ደመናው ገደሉን ሊነካ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ለዋጃ አውድማ ቁርጥ ያለ ቃል ማድረስ ከሙያው አቅም በላይ አይደለም። ሁለት ቀን ደግሞ ነዶ ለመሰብሰብ ይበቃል።