ከቀለሙ በፊት

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና፣ ክረምቷ የመኪና ቀለም ቀቢን ያስቸግራል። ብርዱ የስቱኮውን መድረቅ ያዘገየዋል፤ እርጥበት ከገባበትም ቀለሙ ኋላ ይነፋፋል።

ከአየሩ ሌላ የመኪናው አካል የተሠራበት ነገርም ሥራውን ይለውጠዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው የተወሰዱባት ቮልስ አካሏ ብረት ነው፤ የብረት ጠላቱ ዝገት። እንደ ኮርቬት ባለ መኪና ላይ ያለው የፋይበር ግላስ አካል ግን አይዝግም። ታዲያ ሥራው ይቀላል? አይመስለኝም። ብረት የለመደ እጅ ቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ካፈሰሰበት፣ ኬሚካሉ ፋይበሩን የያዘውን ሙጫ ይበላዋል። ስለዚህ አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ መፈግፈግ ነው። ስንጥቅ ካለም እስከ ሥሩ ተከፍቶ በአዲስ ፋይበርና ሙጫ ይሞላል፤ ላዩን ስቱኮ ብቻ ከለጠፉበት ተመልሶ ይወጣል። ብናኙ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም ይጎዳል። ጋራዥ ያላችሁ፣ አፍንጫን በነጠላ መሸፈን አይበቃም፤ ማስክ አድርጉ።